በይሉኝታ የታሰረ ዳዶ

ፒካፑ ጎህ ሲቀድ ከአዋሽ ወጥቶ የሰመራን መንገድ ሲያያዘው የፊተኛው ወንበር ላይ ሰው አልነበረም። ውሃ የሞላ ጀሪካን ነው የተቀመጠበት። ሻምበል ኃይለ ልዑል «እንግዳ ከፊት ነው» ብለው በሩን ከፍተው ቆሙ። አጁዳን ኡበይዳ ደግሞ «የቤቱ ባለቤት እያለ እኔ ከፊት? አይሆንም» ብለው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ሻምበሉ የአጁዳኑን ክንድ ያዙ፤ አጁዳኑም የሻምበሉን ክንድ ያዙ፤ ተያይዘው ሲገፋፉ ላያቸው ሰው ጠብ የተነሳ ነበር የሚመስለው። በመጨረሻ ሁለቱም ከኋላ ገቡና እኔን በመሃላቸው እንደ ሽብልቅ ሰነቀሩኝ። ጀሪካኑ እንደ ጄኔራል ተንፈላሶ ከፊት ሄደ።

«ንገሪያቸው» አሉኝ ሻምበሉ፣ ገና አዋሽ ከኋላችን ሳትጠፋ። «ከኋላ በመቀመጣቸው በጣም ነው ያዘንኩት።»

ነገርኳቸው።

«ንገሪው ልጄ» አሉ አጁዳኑ በአፋርኛ። «እሱ ከኋላ በመቀመጡ እኔ የበለጠ አዝኛለሁ።»

ገዋኔ እስክንደርስ ድረስ የታዘነው ሐዘን አንድ ለቅሶ ቤት ይሞላ ነበር። ሾፌሩ ውባየሁ በመስታወቱ እያየኝ ጥርሱን ነክሶ ይስቃል። እሱ ምን አለበት፣ የሚይዘው መሪውን ነው። እኔ ግን የሁለት ሰው ጨዋነት በአንድ አፍ ይዣለሁ።

ተርጓሚ የሆንኩት በዚያው ጠዋት ነው። ለሁለቱ አገር ጦር የጋራ ልምምድ የተመደበችው ራሄል የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ ነበረች፤ ፈረንሳይኛ እንደ ውሃ የምትጠጣ። የአዋሽ ሙቀት ግን እሷን ጠጣት። ማታውን ክሊኒክ ተወስዳ ክንዷ ላይ ግሉኮስ ተሰክቶ ተኛች። ሻምበሉ በአክስቴ በዙሌይካ ሆቴል ግቢ ውስጥ ጭንቅላታቸውን ይዘው ሲንጎራደዱ አክስቴ ከባንኮኒው ጀርባ ሆና «ይቺ የወንድሜ ልጅ አፋርኛ ትለፈልፋለች» አለች። ትናገራለች እንኳ አላለችም፣ ትለፈልፋለች። እውነቷን ነው። ቤታችን ሎጊያ ነው፤ ከወሎ የመጡት እናትና አባቴ በጂቡቲው መንገድ ዳር ለከባድ መኪና ሾፌሮች ምግብ ይሸጣሉ። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። አፋርኛውን ግን ከጎረቤት ልጆች ጋር እየተሰዳደብኩ ነው የተማርኩት፤ እንደሱ የተማሩት ቋንቋ ደግሞ አይረሳም።

ልምምዱ ተኩስ የለበትም። ሁለት ሄሊኮፕተር ነው፣ አንድ የእኛ፣ አንድ የእንግዶቹ፣ ከገላፊ ድንበር ማዶ ከጂቡቲ የመጡት። አንዱ አገር በሌላው ሜዳ ላይ ቢያርፍና ቢበላሽ ማን ይጠግነዋል? ነገሩ ይኸው ነው። የእኛ መካኒክ የሠራውን የእነሱ ያያል፤ የእነሱ የሠራውን የእኛ ያያል። የሚያየውን «ሁለተኛ ዓይን» ይሉታል። የሠራውም ያየውም ካርድ ላይ ይፈርማሉ፤ ከዚያ የፈረሙት ሰዎች በዚያችው በፈረሙባት ሄሊኮፕተር ተሳፍረው ይወጣሉ። ደንቡ ነው። ደንቡን ያወጣው ሰው ብልጥ ነበር፤ ይሉኝታ የሚባለውን ነገር ግን አያውቀውም።

አጁዳን ማለት ማዕረግ ነው። ከሃምሳ አለቃ ይበልጣል፣ ከመኮንን ያንሳል አሉ። የእኛ ወታደሮች ሰላምታ ይስጧቸው አይስጧቸው ስለማያውቁ ለማንኛውም ብለው ይሰጣሉ፤ እሳቸውም ለማንኛውም ብለው ይመልሳሉ። ሽማግሌ ናቸው፣ ቀጭን፣ ረጋ ያሉ። ማዶ ያለው አፋር ከዚህኛው ጋር አንድ ቋንቋ ስለሆነ ከእኔ ጋር ወዲያው ነው የተግባባነው።

ሚሌ ላይ ቁርስ ለመብላት ወረድን። የምግብ ቤቱ በር ጠባብ ነው፣ አንድ ሰው ብቻ ያሳልፋል።

«ይግቡ» አሉ ሻምበሉ።

«ግባ» አሉ አጁዳኑ።

«ኧረ በሞቴ!»

ይኼ «በሞቴ» ወደ አፋርኛ እንዴት ይገባል? «ካልገባህ ይሙት» ብዬ ተረጎምኩት። አጁዳኑ ደነገጡ፣ ግን አልገቡም። ውባየሁ በጓሮ ገብቶ ፉሉን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ሲወጣ ሁለቱ ገና ደፉ ላይ ነበሩ።

«ምን ሆነው ነው?» አለኝ።

«እየተከባበሩ ነው።»

«እግዜር ይገላግላቸው» አለና ሞተሩን አስነሳ። እኛ ዳቦ በእጃችን ይዘን ተሳፈርን።

ሰመራ ስንደርስ ፀሐይዋ አናት ልትበሳ ደርሳለች። አውሮፕላን ማረፊያው ጥግ ላይ ሁለቱ ሄሊኮፕተሮች ክንፋቸውን ጥለው ጎን ለጎን ቆመዋል። ትንሽ ራቅ ብሎ ድንኳን አለ፤ ከሁለቱም አገር የመጡ ታዛቢዎች ጄኔሬተር አስነስተው ቬንትሌተር ፊት ተደርድረዋል። ነፋሱ አቧራውን እያነሳ ይበትነዋል። ጠዋት አንዱን ድንኳን ከነካስማው ነቅሎት ነበር አሉ።

ወንድሜን ከሩቅ ለየሁት። አስር አለቃ ናስር፣ ቱታው እስከ ጉልበቱ ግራሶ። ያደገው ደሴ አያታችን ዘንድ ነው፤ ወታደር ቤትም የገባው ከዚያው ነው፤ ስለዚህ አፋርኛው «ውሃ» እና «ና» ላይ ያልቃል። ይህ ልምምድ ሲያበቃ ያለ አለቃ ብቻውን የመፈረም መብት ሊሰጠው ነው። እናቴ ይህንን ወሬ እስከ ገላፊ ድረስ ላለው ሾፌር ሁሉ ነግራለች።

«አንቺ ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?» አለኝ።

«የአለቃህ አፍ ሆኛለሁ።»

«ያ አላህ! ሌላ አፍ ጠፍቶ?»

«ሌላው አፍ ታሟል። ይልቅ፣ ጨረሳችሁ?»

«ጨርሰናል፣ አልሐምዱሊላህ። ሁለቱም ተፈርሟል። የእኛን ሠራሁ፣ አብዱረህማን የሚባለው የእነሱ መካኒክ አየልኝ። የእነሱን እሱ ሠራ፣ እኔ አየሁለት።»

«ያለ ተርጓሚ እንዴት ተግባባችሁ?»

«በፈገግታ።»

«እና የእነሱን አየኸው?»

«አዎ፣ ያው ቆሞ የለ!»

«ናስር! ዳዶው እንዳይላላ የሚታሰርበትን ሽቦ ሳብከው ወይ? ቡሎኑን ነካኸው ወይ?»

ዞር ዞር ብሎ አየና ድምፁን ቀነሰ። «ፋሪ፣ ሰውዬው እኮ ጺሙ የሸበተ መካኒክ ነው። አጠገቡ ቆሜ በባትሪ ጉድጓድ ለጉድጓድ ልፈልግበት? እንግዳ ነው! ካርዱን ዘረጋልኝ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ፈረምኩለት።»

«እሱስ ያንተን?»

«እሱም እጁን ደረቱ ላይ አደረገና ፈረመ።»

«እና ሁለታችሁም የፈተሻችሁት ደረታችሁን ነዋ!»

«አንቺ ስለዚህ ነገር ምን ታውቂያለሽ?»

ስለ ሄሊኮፕተር አላውቅም። ስለ ሎጊያ ጋራዥ ግን አውቃለሁ፤ ከቤታችን ጋር ግድግዳ ይጋራል። የከባድ መኪና ሾፌር ጎማ የገጠመለትን መካኒክ አያምንም። ወርዶ፣ ዳዶውን አንድ በአንድ በብረት እየቀጠቀጠ፣ የመካኒኩን ዘር ማንዘር እየሰደበ ይዞራል። መካኒኩም ይሰድበዋል። ከዚያ አብረው ይበላሉ። ማንም አይቀየምም። ያ ሾፌር መሬት ላይ ነው የሚሄደው፤ ዳዶው ቢወልቅ ዳር ይዞ ይቆማል። ወንድሜ ዳር ይዞ የሚቆምበት ሰማይ የት አለ?

«ማን ነው የሚወጣው?» አልኩት፣ መልሱን እያወቅሁ።

«አብራሪዎቹ፣ እኔና አብዱረህማን። መጀመሪያ በእኛዋ።»

ጥዬው ሮጥኩ። በዚያ ሙቀት!

ወደ ሻምበሉ ሄድኩ። «ሻምበል፣ ማንም የማንንም አላየም» አልኳቸው። «ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የፈረሙት።»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም። ኮፍያቸውን አውልቀው ላባቸውን ጠረጉና «ጠርጥሬ ነበር» አሉ። «ጠርጥሬ ነበር! ያ የእነሱ ሰው በአንድ ሻይ መጠጫ ጊዜ ሄሊኮፕተር ሙሉ አየሁ ሲል… ግን አሁን ምን ልበል? በታዛቢ ፊት “ሥራችሁን እንደገና ልፈትሽ” ልበል? ነገ አገራቸው ገብተው ወንድሞቻችን አላመኑንም ቢሉስ? አንቺ ልጅ፣ ይኼ የጋራ ልምምድ እኮ ወዳጅነት ነው።»

«ቢወድቅስ?»

«አፍሽን ያዢ!» አሉና በእጃቸው ብረት ፈልገው የሄሊኮፕተሩን ጎን ነኩ። ወዲያው እጃቸውን አቃጠላቸውና አራገፉት።

ወደ አጁዳኑ ሄድኩ። እሳቸው በጭራው ጥላ ሥር ቁጢጥ ብለው ነበር። የነገርኳቸውን እስከ መጨረሻው ሰሙ። «ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ «እንግዳ የቀረበለትን ሥጋ እያገላበጠ አያይም።»

«ሥጋው ጥሬ ከሆነስ?»

«ያኔ ታሞ ይተኛል፣ ግን አያገላብጥም።»

ወላሂ እዚያው ላይ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። አንዱ ያውቃል፣ አንዱም ይገባዋል። ሁለቱም ልጆቻቸውን ሊያሳፍሩ ነው፤ ለምን? አንዱ አንዱን እንዳያስቀይም!

ከድንኳኑ ሰዓቱ ደርሷል ተባለ። አብራሪዎቹ ቆባቸውን ይዘው መጡ። ሻምበሉና አጁዳኑ በታዛቢዎቹ ፊት ቆሙ፤ የመጨረሻ ቃል ተለዋውጠው መጨባበጥ ብቻ ነው የቀራቸው። እኔ በመሃል።

«ንገሪያቸው» አሉ ሻምበሉ ደረታቸውን ነፍተው። «የልጆቻቸው እጅ ለእኛ ከበቂ በላይ ዋስትና ነው። ምንም የምንፈትሸው ነገር የለም።»

ወደ አጁዳኑ ዞርኩ። ናስር ከበስተኋላቸው ቆሞ የራስ ቁሩን ማሰሪያ ከአገጩ ሥር ሲቆልፍ አየሁት።

«እንዲህ ይላሉ» አልኩ በአፋርኛ። «ልጆቻችሁ ሽቦ መቋጠር መቻላቸውን በዓይኔ ሳላይ አንድም ሰው አላሳፍርም።»

የአጁዳኑ ፈገግታ ቀስ እያለ ከፊታቸው ወረደ። «እንዲህ አለ?»

«እንዲህ አሉ።»

ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው «ንገሪው» አሉ። «እኔ እንግዳ ነኝና ክፉ አልመልስም። ይፈትሽ። ሜዳው የእሱ ነው።»

እንዲህ ያለ ጨዋ መልስ ምን ያደርግልኛል? ወደ ሻምበሉ ዞርኩ። «የእናንተ ሽቦ አጠማዘዝ የፍየል ማሰሪያ ይመስላል ይላሉ። እሳቸው ራሳቸው በእጃቸው ካልፈተሹ ልጃቸውን አላሳፍርም ብለዋል። እናንተም ከፈለጋችሁ የእነሱን ፈትሹ።»

«የፍየል ማሰሪያ?»

«የፍየል።»

የሻምበሉ አንገት ከታች ወደ ላይ ቀላ። «ናስር! ባትሪ አምጣ! መሰላል አምጣ!»

ከዚያ በኋላ መተርጎም የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም። ሻምበሉ በእንግዶቹ ሄሊኮፕተር ላይ ወጡ፤ አጁዳኑ በእኛዋ ላይ። ብረቱ እሳት ሆኗል፤ ጓንት የሌለው ሰው ጨርቅ ጠቅልሎ ይነካል። ታዛቢዎቹ ከቬንትሌተሩ ሥር ወጥተው አንገታቸውን አሰገጉ። አብራሪዎቹ ግራ ገብቷቸው ቆባቸውን አወለቁ። ሻምበሉ እያንዳንዷን ሽቦ በፒንሳ ይስባሉ፣ ያቃስታሉ፣ ይወርዳሉ፣ ዞረው ይወጣሉ። አንዲት ስህተት ቢያገኙ እንዴት በተደሰቱ! በመጨረሻ ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ተጣብቆ ወረዱና አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

«ምንም የለም» አሉ በንዴት። «ሥራቸው ንጹሕ ነው። የተረገመ ንጹሕ!»

እኔ ግን አጁዳኑን ነበር የማየው። እሳቸው መሰላሉን ጭራው ላይ አስደግፈው ከትንሿ ፕሮፔለር አጠገብ ቆመዋል። ቆይተዋል። ሁለት ጣታቸውን ወደ ውስጥ ሰደው የሆነ ነገር ያዙና አዞሩት። መልሰው አዞሩት። ከዚያ ቀስ ብለው ወረዱ። ይጮሃሉ ብዬ ስጠብቅ ፊታቸው የሰው ጓዳ በስህተት ከፍቶ የማይታይ ነገር ያየ ሰው ፊት ሆነ። ያፈሩት እሳቸው ናቸው! እኔንና ሻምበሉን ከሰው ገለል አደረጉን።

«ንገሪው» አሉ ድምፃቸውን አለስልሰው። «ጭራው ላይ ያለችው ትልቋ ዳዶ ትንሽ ሽቦ ቢታከልባት ያምርባታል። ከፈለገ ፒንሳዬን አውሰዋለሁ።»

ነገርኳቸው። የሻምበሉ ከንፈር አመድ መሰለ። «ሽቦ የላትም? የጭራው ዳዶ? ጠይቂያቸው፣ ጠብቃለች ወይ?»

ጠየቅኋቸው። «በጣት ትዞራለች» አሉኝ አጁዳኑ በሹክሹክታ። «ይህንን ግን አትንገሪው፣ ያፍራል።»

ያፍራል! ያቺ ዳዶ አየር ላይ ብትወልቅ ጭራው እንደሚዞርና ሄሊኮፕተሩ እንደ እንዝርት ተሽከርክሮ እንደሚወርድ ናስር ራሱ ቤት መጥቶ በማንኪያ አሳይቶኛል። «በጣት ትዞራለች ይላሉ» አልኩ ጮክ ብዬ።

ሻምበሉ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲከፍቱት ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ንገሪያቸው… ስለ ፒንሳው አመሰግናለሁ። ቶሎ ይታሰርና ይለፍ። ታዛቢዎቹ ይህን ማወቅ አያስፈልጋቸውም።»

አጁዳኑም፣ ገና ሳልተረጉም፣ ገብቷቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለቱ ሽማግሌዎች መልሰው ሊከባበሩ ነው! አንድ ሰው ሊሞት የነበረበትን ነገር እንደ ፍርፋሪ ከምንጣፉ ሥር ሊጠርጉት!

ናስር ባትሪውን ይዞ መጥቶ ከኋላችን ቆሞ ነበር። የሰማውን ሰምቷል። ምንም ሳይናገር መሰላሉን ወጣ፣ ጣቱን ሰደደ፣ ወረደ። የፊቱ ደም የት እንደሄደ እንጃ።

«ነፋሱ ነው» አለ። «ጠዋት ዳዶዋን በጣቴ አስገብቼ ቁልፍ ላነሳ ስል ድንኳኑ ተነቀለ። ልይዝ ሮጥኩ። ስመለስ አብዱረህማን ካርዱን ይዞ መሰላሉ ሥር ቆሟል። እሱ አጥብቆ አስሮልኛል ብዬ አሰብኩ።»

«ለምን አልጠየቅኸውም?» አሉ ሻምበሉ።

«ምን ብዬ? አላሰርክልኝም ወይ ብለው፣ የእኔን ሥራ አንተ ሥራልኝ ማለት ነው። አየኸው ወይ ብለው፣ አላመንኩህም ማለት ነው። ፈገግ አለ፣ ፈገግ አልኩ።»

«በቃ፣ ይታሰር! አልቋል!» አሉ ሻምበሉ እጃቸውን እያወናጨፉ።

«አላለቀም ሻምበል። ፈርሜበታለሁ።» ወደ እኔ ዞረ። «ፋሪሃ፣ ንገሪያቸው። ሥራውን ሳይጨርስ የፈረመው እኔ ነኝ በይ።»

«ናስር፣ ተወው፤ እሺ ብለዋል እኮ። ፈተናህ…»

«ንገሪያቸው።»

አጁዳኑ ይጠብቃሉ። ሽቦውን ነፋሱ ነው የበጠሰው ብላቸው ማን ያውቅብኛል? ናስር አይሰማ፣ ሻምበሉ አይሰሙ። አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ነው። እናቴ ለሾፌሮቹ የነገረችው ወሬ ሳይታጠፍ ይቀራል። አፌን ከፍቼ ነበር። ናስር ግን እያየኝ አልነበረም። ከአፌ የሚወጣውን ስለማያውቀው አምኖኝ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቆሟል።

እንደተናገረው ተረጎምኩት፣ ከነጣቱ፣ ከነድንኳኑ፣ ከነፈገግታው። የጨመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ወንድሜ ነው» አልኳቸው።

አጁዳኑ ለረጅም ጊዜ ናስርን አዩት። ከዚያ ዞረው አብዱረህማንን ጠሩት። ያ ጺመ ሽበት መጥቶ ነገሩ ሲነገረው የዕቃ ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ። «አላየሁም» አለ። «የጨረሰውን ሥራ ምን ብዬ አየዋለሁ ብዬ ነው። አላየሁም፣ ፈረምኩ።»

ሻምበሉ የዚህን ትርጉም ሲሰሙ ካርዶቹን ከብብታቸው አውጥተው አራቱንም ፊርማ በእስክርቢቶ እየሰረዙ «ታዲያ ይኼ ምንድነው? ወረቀት ነው? ሰው እናሳፍራለን ስንል በወረቀት ላይ ነው የምናሳፍረው?» እያሉ ጮሁ። ማንን እንደሚቆጡ ራሳቸውም አላወቁም። ድንገት አቆሙ።

«ቆይ። ጠይቂያቸው። አሁን ልጃቸው ራሱ ሳያይ ከፈረመ የፍየል ማሰሪያ ያሉት በምን ዓይናቸው አይተው ነው?»

ይኼ መምጣቱ አይቀርም ነበር።

«እሳቸው አላሉም» አልኩ። «እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«እርስዎም ልጆቻቸው ሽቦ መቋጠራቸውን ሳላይ አላሳፍርም አላሉም። እሱንም እኔ ነኝ ያልኩት።» ከዚያ ይህንኑ በአፋርኛ ለአጁዳኑ ነገርኳቸው። በሁለት ቋንቋ ማፈር ከአንዱ ብዙም አይለይም።

ሻምበሉ በጣታቸው መውጫውን አሳዩኝ። «ከዚህ ሜዳ ውጪ! አሁኑኑ! በባለ ማዕረግ ሰው ስም ያልተባለ ነገር… በሁለት አገር መካከል… አንቺ እኮ ጦርነት ልታስነሺ ነበር!»

አጁዳኑ እጃቸውን አነሱ። «ምን እያለ ነው?»

«ከሜዳ ውጪ እያሉኝ ነው።»

«እውነቱን ነው። በሰው አፍ ላይ ቃል መጨመር ነውር ነው፤ እኔም ብሆን አባርርሻለሁ» አሉ። ከዚያ ወደ ጭራው አንገታቸውን አቀኑ። «ግን ሥራው እንደ አዲስ መሠራት አለበት። ከሄድሽ ማን ያነጋግረናል?»

ተረጎምኩት። ሻምበሉ ሰማዩን አዩ፣ መሬቱን አዩ፣ ውባየሁን አዩ። ውባየሁ ትከሻውን ሰበቀ። «ቁሚ» አሉኝ በመጨረሻ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው። «ግን አንዲት ቃል ከራስሽ ብታስገቢ…»

«አላስገባም።»

ሻምበሉ ታዛቢዎቹ ዘንድ ሄደው የሆነውን ራሳቸው ነገሩ፤ በረራው ዘገየ ተባለ፣ የዘገየበትም ምክንያት ተጻፈ። ሥራው እንደ አዲስ ተጀመረ። ናስር አጠበቀ፣ ሽቦውን አሰረ። አብዱረህማን መሰላሉን ወጣ። የመጀመሪያዋን ሽቦ በሁለት ጣቱ እንደ ሙሽራ እጅ ሲነካት አጁዳኑ ከታች ጮሁበት፤ «ሳባት! ሰውየው የበላብህ ዕዳ ያለ ይመስል ሳባት!» ሻምበሉም በፈንታቸው ናስርን በእንግዶቹ ሄሊኮፕተር ሆድ ሥር አስተኝተው «ባትሪውን አብራ! አትፈርባቸው! እዛ ጋ ምን አለ? አላየህም፣ ድገም!» ይላሉ። እኔ በሁለቱ መካከል እየተሯሯጥኩ አመላልሳለሁ። «አጥብቅ ይልሃል።» «አንተ የባሰ አጥብቅ ይልሃል።» «ይቺ ለምን ወደ ግራ ተጠማዘዘች ይላሉ።» «እሱ ዓይን የለውም ወይ፣ ቀኝ ናት በይው ይላሉ።» አንድ ጊዜ አጁዳኑ የእኛን ሰዎች ባትሪ አያያዝ አይተው በአፋርኛ የሆነ ነገር አሉ። እንዳለ ተረጎምኩት። ሻምበሉ «ይኼስ ካንቺ ነው?» አሉኝ። «አይደለም፣ ከእሳቸው ነው» አልኩ። ከት ብለው ሳቁና የባሰ ነገር መለሱ። እሱንም እንዳለ አደረስኩ።

ካርዱ ሲቀርብ ናስር እጁን ዘረጋ። ሻምበሉ ካርዱን አልሰጡትም።

«የዛሬውን ሌላ ሰው ይፈርማል» አሉት። እየተቆጡ አልነበረም። «የመፈረም መብትህም ለሚቀጥለው ልምምድ ይቆያል። ካልፈረምክ ደግሞ መውጣት የለብህም። እዚሁ ቁም።»

በውስጤ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ይቁም! እናቴን እኔ አስረዳታለሁ።

«ያሰርኩት እኔ ነኝ ሻምበል» አለ ናስር። «በእሷ ላይ ሌላ ሰው ወጥቶ እኔ ከታች ቆሜ ማየት አልችልም። ፊርማው ይቅር። ይፍቀዱልኝና ልውጣ።»

አብዱረህማን የተባለውን አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። መጥቶ ናስርን በክንዱ ያዘውና ወደ በሩ ወሰደው። ማን ይቅደም ብለው አልተገፋፉም፤ ናስር ገባ፣ እሱ ተከተለ።

ሻምበሉ ዞር ብለው ኮፍያቸውን ደፉ። መከልከል ይችሉ ነበር፤ አልከለከሉም።

ያን ሁሉ ቅጥፈት የቀጠፍኩት ወንድሜ እንዳይወጣ አልነበረም እንዴ? ይኸውና ወጣ! ክንፉ መዞር ጀመረ፣ አቧራው ሻሼን ነቅሎ ሊወስደው ደረሰ። ዓይኔን በመዳፌ ከልዬ አየሁ። ከመሬት ልትነሳ ስትል ናስር በክፍቱ በር ብቅ አለና ጣቱን ወደ እኔ ቀስሮ፣ የአንገቱ ሥር እስኪገተር ድረስ ጮኾ የሆነ ነገር ተናገረ። ሞተሩ ዋጠው።

«ምን አለ?» አሉኝ ሻምበሉ በቀኝ ጆሮዬ።

«ምን አለ?» አሉኝ አጁዳኑ በግራው።

ድምፁን አልሰማሁም። ከንፈሩን ግን አይቼዋለሁ፤ የወንድሜን ቁጣ ለመለየት ደግሞ ጆሮ አያስፈልገኝም።

«ቆይ ብቻ ልውረድ፣ አሳይሻለሁ ነው የሚለው» አልኳቸው፤ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በአፋርኛ።

ሻምበሉ አንገታቸውን ቀና አድርገው ጭራውን በዓይናቸው ተከተሉት። «ብቻ ይውረድ» አሉ።

አጁዳኑም ወደ ላይ እያዩ፣ በራሳቸው ቋንቋ፣ ያንኑ አሉ።